የእህቴን ጽጌረዳ ለእናት ምድር ጉንጭ ላደረጉልኝ ኃላፊ

ለተከበሩ የመናፈሻና የኪነ ጥበብ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ጆሮዎ ደህና ነው? ጆሮዎን ለይቼ መጠየቄ፣ ቢሮዎ መጥቼ የነገርኩዎት ሁሉ በአንዱ ገብቶ በሌላው ሲወጣ በዓይኔ ስላየሁ ነውና አይቀየሙኝ። እኔ ከመናፈሻው ጥግ ልብስ እየተኮስኩ የምተዳደር ሴት ነኝ፤ ትምህርቴ እስከዚህም ስለሆነ ቃል ቢጣመምብኝ እጄ ነው እንጂ ልቤ አይደለም።

ባለፈው ወር ጽሕፈት ቤትዎ ያሰናዳው የግጥምና የተፈጥሮ ጥበብ የእግር ጉዞ በደጄ ሲያልፍ፣ እኔም ሻርፔን ጣል አድርጌ፣ ለተጓዦች የሚታደለውን አረንጓዴ ሪባን እጄ ላይ አስሬ ከኋላ ተከተልኩ። ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ አስጎብኚዎ በየዛፉ ሥር እየቆመ ግጥም ስላነበበልን አመሰግናለሁ። ቅጠል ሲቀጠፍ ምድር ታለቅሳለች የሚለው ላይ ሲደርስ እንባዬ መጣ፤ ሞኝ አይደለሁ! ጭብጨባው ሳይበርድ ግን፣ አሁን ደግሞ ዓይናችሁ ያረፈበትን ቅጠፉና መሬት ላይ የእናት ምድርን መልክ እንሥራ አለን።

ሁለተኛ፣ ዓይናቸው ያረፈው ከአጥሬ ሥር ባለችው ቀይ ጽጌረዳ ላይ ነበር። ታላቅ እህቴ ስትሞት ቤቷ ተሸጠ፤ ገዢውም ለመኪናው ማቆሚያ ሲል በእጇ የተከለችውን ጽጌረዳ ነቀለው። እኔ ቀደም ብዬ አንድ ቅርንጫፍ ቆርጬ ባልተክል ኖሮ ከእህቴ እጅ የቀረኝ ነገር አልነበረም። ያቺኑ ነው እንግዲህ የርስዎ ሰዎች የተሻሟት። አበባዋ ለእናት ምድር ጉንጭ፣ ከነሥሩ የተነቀለው ግንዷ ለአፍንጫ፣ ዙሪያዋን የደረደርኳቸው ድንጋዮች ደግሞ ለጥርስ ሆኑ። ድንጋዮቹን ኖራ የቀባሁ እኔ ነኝ፤ አስጎብኚዎ ግን የተፈጥሮን ንጣት ተመልከቱ እያለ ያስደንቅ ነበር።

ሦስተኛ፣ ይህ መቼም አይረሳኝም። ከኋላ ሆኜ፣ ኧረ ተዉ፣ ኧረ የእህቴ ናት፣ ኧረ እጃችሁ ይሰብሰብ ብዬ ብጮህ፣ ሁሉም ዘወር ብለው ካዳመጡኝ በኋላ ቆመው አጨበጨቡልኝ። ግጥም መስሏቸው ነው። አንዲት ባለመነጽር ሴትዮማ እንባዋን እየጠረገች፣ እትዬ፣ እባክሽ ድገሚልን አለችኝ። በሕይወቴ የተጨበጨበልኝ ያን ቀን ብቻ ነውና ውለታዎ አለብኝ።

ጽጌረዳዋን መልሼ ተከልኳት፤ ውኃ አጠጣሁ፣ ጥላ አበጀሁ፤ አልሆነም፣ ደረቀች። ከዚያ ቢሮዎ መጣሁ። የፈለግሁት አንዲት ይቅርታ ነበረች፤ እርሷም ከአፍ ብትወጣ ይበቃኝ ነበር። እርስዎ ግን ፈገግ ብለው፣ እናቴ፣ አበባ እኮ የሁሉም ነው፣ ደግሞ ለአበባ ማን ይጠየቃል ብለው፣ የሚቀጥለውን ጉዞ መጥሪያ በእጄ አስይዘው ሸኙኝ። ቃልዎን እንደ ትልቅ ሰው ቃል ይዤ ወጣሁ።

እድሜዎን እንደ መናፈሻው ዛፍ ያርዝምልኝ፣ ደጅዎ ዘወትር ክፍት ይሁንልኝ እያልኩ፣ ይህን ደብዳቤ ግጥም በሚለጠፍበት ሰሌዳ ላይ በአክብሮት ለጥፌያለሁ።

አክባሪዎ፣
ያጨበጨቡላት ልብስ ተኳሽ

ከፊርማ በኋላ የታወሰኝ፦ ደጅዎ ክፍት ይሁን ያልኩት ያለነገር አይደለም። ትናንት እርስዎ በሌሉበት፣ እኔና ጸጉር ሠሪዋ ጎረቤቴ የሠፈሩን ሴቶች አስከትለን መኖሪያ ግቢዎ ውስጥ የራሳችንን የግጥም ጉዞ አደረግን። ዘበኛዎ አረንጓዴውን ሪባን ሲያይ፣ እሰይ፣ የጋሼ እንግዶች ብሎ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተልን። ዓይናችን ያረፈበትን ሁሉ ቀጥፈን ከመስኮትዎ ሥር መልክዎን ሠርተናል። ጥርስዎ የእኔ ድንጋዮች ናቸውና ሲበቃዎት ይመልሱልኝ። ጆሮ አላደረግንልዎትም፤ ያለዎትም አልሠራልዎት።

በሩ አጠገብ ያለችውን ነጭ ጽጌረዳ ግን ማንም እንዳይነካት ከልክያለሁ። ማን ተከላት ብዬ ዘበኛዎን ብጠይቀው፣ የጋሼ እናት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አለኝ። በእግራችን ጣት ዞረናት አለፍን። አዩ ጌታዬ፣ መጠየቅ ማለት ይህችው ናት።