በአካል ይቅረብ ስለተባለው ልጄ

ለተከበሩ የኮሌጁ የተማሪዎች ክፍያና የገንዘብ ዕቅድ ምክር ክፍል ኃላፊ፣
ወልቂጤ

ጤናዎ፣ ቤተሰብዎና ያ የሚሽከረከረው ወንበርዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። ቡታጅራ ገበያ በርበሬ የምሸጥ፣ ዘንድሮ በኮሌጅዎ ሁለተኛ ዓመት ልትመዘገብ የምትለምነው የተማሪ ሆሳዕና እናት ነኝ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆመ ስለሆነ ቀስ ብዬ እጽፋለሁና፣ እርስዎም ቀስ ብለው እንዲያነቡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ደብዳቤዬን ለሁሉም ግልጽ ያደረግሁት ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ስለሚሆኑ፣ ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ አንብቦ ይነግርዎታል ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ነሐሴ ላይ ወላጆችን ሰብስበው ለመጪው የትምህርት ዓመት ገንዘባችንን እንዴት እንደምናቅድ ስላስተማሩን አመሰግናለሁ። ላልታሰበ ነገር አስቀድመን እንድናስብም መክረውናል። እውነትዎን ነው፣ ጥፋቱ የእኛ ነው። መርካቶ ሱቅ ውስጥ እየሠራ የእህቱን ክፍያ ይከፍል የነበረው ታላቁ ልጄ ይታገሱ፣ መጋቢት ላይ ታሞ ሲሞት የበጀት ዓመቱ እስኪዘጋ እንኳ አልጠበቀም። ድሮም ተራ መጠበቅ አይወድም ነበር።

ሁለተኛ፣ ሊቀሩ ከሚችሉ ወጪዎች መካከል የመስቀል በዓልን መጥቀስዎ ድፍረትዎን አሳይቶናል። ይህን በጉራጌ አገር ቆመው ተናግረው በሰላም ቤትዎ መግባትዎ ደግሞ የእኛን ጨዋነት ያሳያል። ለማንኛውም ምክርዎን ተቀብያለሁ፤ ለመስቀል ከአዲስ አበባ ገብቶ በበሬው ቅርጫ ከጎረቤት ጋር የሚከራከርልኝ ልጅ ስለሌለ፣ በዓሉ እኔ ሳልነካው ራሱ ቀንሷል።

ሦስተኛ፣ ዕቁብ የኋላ ቀር ሰዎች ቁጠባ ነው ብለውን ነበር። በእኛ በበርበሬ ሻጮቹ ዕቁብ ሰሞኑን እጣው የወጣው ለከድጄ ነው። ከድጄ የሚያፈሰውን ጣሪያዋን ላስቀይር ስትል የከረመች ጎረቤቴ ናት። እጣዋን ለእኔ ስትለቅልኝ፣ ክረምቱ ወጥቷል፣ ጣሪያዬ እስከሚመጣው ሐምሌ አይፈልገኝም፣ ይልቅ አንቺ ልጅሽን አስመዝግቢ፣ ነው ያለችው። የዕቁቡ ዳኛም ሌሎቹም እሺ አሉ። እርስዎ ቀኑን ሙሉ ያስረዱንን የዕቅድ ትምህርት፣ ሴቶቹ በርበሬያቸውን ሳይሸፍኑ ሠርተው ጨረሱት።

አራተኛው ያስጻፈኝ ነው። ገንዘቡን ይዤ በጉብሬ በኩል ወልቂጤ ብደርስ፣ ገንዘብ ተቀባይዎ አልቀበልም አሉኝ። በመዝገባችሁ ከፋይ ተብሎ የተጻፈው ይታገሱ ነው፣ ከፋይ የሚቀየረው ደግሞ የቀድሞው ከፋይ በአካል ቀርቦ ሲፈርም ነው አሉ። የሞት ምስክር ወረቀቱን አሳየሁ። ወረቀቱ መሞቱን እንጂ ኃላፊነቱን መልቀቁን አያሳይም ተባልኩ። ልጄ በሕይወት እያለ ይህን ያህል እምነት የጣለበት መሥሪያ ቤት አልነበረም፤ ስለ እሱ ሆኜ አመሰግናለሁ። ይሁን እንጂ ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል፤ ያን ቀን ስሟ ካልገባ ሆሳዕና ዓመቱን ቤት መቀመጧ ነው። እሱ የጀመረው ነገር ሜዳ ላይ ሲቀር ማየት፣ ለእኔ ሁለተኛ መቅበር ነው።

ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት እመጣለሁ። ብቻዬን ግን አይደለም፤ የዕቁቡ ሴቶች በሙሉ ከፋይ ሆነው ሊፈርሙ ሚኒባስ ተኮናትረናል። ከመካከላችን አንዷ ብትሞት የቀረነው በአካል እንቀርባለን። ላልታሰበ ነገር አስቀድሞ ማሰብ ማለት ይህ ከሆነ፣ ትምህርትዎ ገብቶናል። ስለ መቀመጫ አይጨነቁ፣ ገበያ ውስጥ መሬት ላይ መቀመጥ የለመድን ነን፤ እስክንፈርም ድረስ ኮሪደሩ ይበቃናል።

ሹመትዎ እንዲሰነብት፣ ማኅተምዎ ቀለም እንዳያጣ፣ ስብሰባዎም አንድ ቀን እንዲያልቅ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት በርዎ ላይ ቆሜ የምጠብቅ፣

ወይዘሮ ውድነሽ ተረፈ
የይታገሱና የሆሳዕና እናት
ቡታጅራ

ማስታወሻ፦ ከዚህ ሁሉ በኋላም የይታገሱ ፊርማ የግድ ከሆነ፣ መዝገቡን ይዘው እርስዎ ይምጡ። ቡታጅራ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ከወይራው ሥር ነው ያለው። በፈለጉት ሰዓት ያገኙታል፤ እሱ እንደ እርስዎ ስብሰባ አይገባም።