ወልዴ የሚያውቀውን መቼ እንንገራቸው?

ጥሩዬ፣ የቤቴ ሞገስ፣

አንቺን ከሸኘን ሁለት ክረምት አለፈ። «ደኅና ነሽ ወይ?» ብዬ ጻፍኩና ሰረዝኩት፤ መልሱን ከማን እሰማለሁ? ይልቅ የቤቱን ወሬ ልንገርሽ።

ልጃችን ማርታ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ከገባች ወዲህ ቤቱ ጭር ብሏል። ለበዓል ስትመጣ መጀመሪያ የምትሠራው እኔ ያዝረከረክሁትን ማንሣት ነው። ምግብ ማብሰል ተምሬአለሁ፤ ሽሮዬ አይታማም። አሁን መሐል ሜዳ ገበያ የሚመጣው ገበሬ ሁሉ ሞባይል ይዟል። አንቺ ከአሳታሚው ጋር ለመነጋገር ኔትወርክ ፍለጋ ከትምህርት ቤቱ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ወጥተሽ፣ ነጠላሽን ነፋስ እየነጠቀሽ ትጮኺ የነበረው ቀረ።

መጽሐፍሽም ታትሟል። አንድ ቃል እንኳ ሳይለወጥ ወጣልሽ። ሰዎች መንገድ ላይ አስቁመው «እንዴት አድርጋ ጻፈችው?» ይሉኛል። እኔም «መጻፉንማ በአንድ ክረምት ጽፋው ነበር፤ ዓመታት የፈጀባት ማረሙ ነው» እላቸዋለሁ። አያምኑኝም። የአማርኛ አስተማሪ ስለሆንሽ እንዲያው ከብዕርሽ የሚፈስ ነው የሚመስላቸው።

የመጀመሪያው ረቂቅ ትዝ ይልሻል? የደብሪቱ ባል ለቤት መክደኛ ጓሳ ሣር ሊያጭድ ወደ ተራራው ወጥቶ በጉም ውስጥ ይጠፋል። ታላቅ ወንድሙ ወልዴ የመንደሩን ሰው አስከትሎ ይፈልገዋል። ፍለጋው ይረዝማል፣ ሰው ተስፋ ይቆርጣል። መጨረሻ ላይ ወልዴ ከደብሪቱ እግር ሥር ወድቆ ይናዘዛል፦ በመሬት ተጣልተው ሲተናነቁ ወንድሙ ከገደል መውደቁን፣ እሱም ፈርቶ ዝም ማለቱን። ኑዛዜው ዐሥር ገጽ ነበር። ያንን ኑዛዜ እንዴት ትወጂው ነበር!

ያኔ ረቂቁን ለሁለት ሰው ሰጠሽ፤ ለእኔና አብሮሽ ለሚያስተምረው ለፊዚክሱ መምህር ለዘነበ። ዘነበ ገና ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ «ወልዴ ነው፤ ይኼማ ያስታውቃል» ብሎ የቀረውን እያዛጋ ጨረሰው። እኔ ደግሞ ቅንጣት ሳልጠረጥር መጨረሻው ላይ ደረስኩና ተናደድኩ። «ሰውዬውን ስወደው ከርሜ አሁን እንዲህ ነው ትይኛለሽ? አታለልሽኝ እኮ!» አልኩሽ።

ሌላ ሰው ቢሆን ያኮርፍ ነበር። አንቺ ግን እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁለታችንንም ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ አስቀመጥሽና ትጠይቂን ጀመር። «የት ላይ አዛጋህ?» ስትዪው ዘነበ አፈረ። «ኧረ እኔ አላዛጋሁም፤ እንዲያው ትንሽ…» «ዘኔ፣ የእውነቱን ንገረኝ፤ የምጠቀመው በእሱ ነው» አልሽው። እኔንም ወልዴን ከየትኛው ገጽ ጀምሬ እንደወደድኩት ረቂቁን እያገላበጥሁ እንድፈልግ አደረግሽኝ። የራሱን ድርሰት ነቀፋ እንዲያ በጉጉት የሚሰማ ሰው ከዚያ ወዲያ አላየሁም።

መልሱ የመጣልሽ በሳምንቱ ይመስለኛል፣ ከገበያ ስንመለስ። ድንገት መንገድ መሐል ቆምሽ። «ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። አንድን ነገር ደበቅሁ፤ አንዱን አሰለቸው፣ አንዱን አስቀየመው። መደበቅ ብቻውን ሰው አያስጨንቅም፤ የሚያስጨንቀው ማወቅ ነው» አልሽኝ። አልገባኝም። ግራ መጋባቴን ስታዪ ምሳሌውን በእኔ አደረግሽው፦ «አንተ ለሥራ ጓሳው ተራራ ላይ ወጥተህ ጉም ያዘህ እንበል። አብሮህ የሚሄደው ሰው ምን እንዳደረገ እኔ አውቄአለሁ፣ አንተ አላወቅህም። እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ምን እሆናለሁ?»

ያኔ ገባኝ፤ ብርዱም ተሰማኝ።

ከዚያ «ወልዴ የሚያውቀውን መቼ እንንገራቸው?» የቤታችን ጥያቄ ሆነ። ምሳ ላይ ትጠይቂኛለሽ፣ ልብስ ስታጥቢ ትጠይቂኛለሽ። ገና ሰውየውን ሳንለምደው ከተነገረን ግድ አይሰጠንም፤ ከዘገየም ዘነበ ያዛጋል። በመጨረሻ አራተኛው ምዕራፍ መዝጊያ ላይ አደረግሽው። ወልዴ ፈላጊዎቹን ሁሉ ወደ ሜዳው ይሰዳቸዋል። አንዱ «ገደሉንስ ማን ይየው?» ሲል «እሱን እኔ አይቼዋለሁ» ይላል፤ ሲናገር ግን ፊቱን ወደ ገደሉ አያዞርም። በቃ ይኸው ነው። ይህቺን ለማግኘት ስንት ወረቀት እንደቀደድሽ የማውቅ እኔ ነኝ።

ከዚያች ዐረፍተ ነገር በኋላ ወልዴ ደብሪቱ ቤት ገብቶ እንጀራ ሲቆርስ ወረቀቱን አስቀምጬ እነሣ ጀመር። የሚገርመው ያንን ክፍል አልነካሽውም ነበር፤ ያው የድሮው ነው። የተለወጠው እኔ የማውቀው ነገር ነው። አንባቢው መሮጥ በሚፈልግበት ቦታ ደግሞ አንቺ ቀስ ትያለሽ። ገደሉ ጫፍ ላይ ጉሙን አመጣሽበት፣ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹን አስጮኽሽበት፣ የወልዴን ጣቶች ሣሩ ላይ አቆየሽብን።

አንድ ነገር ግን እስከ መጨረሻው ያዝሽ፤ ደብሪቱ ነገሩን ካወቀች መቆየቷን። እዚህ ላይ የእኔን ቁጣ አልረሳሽም። «አንባቢው ዞር ብሎ ሲያየው ፍንጩን ማግኘት አለበት፤ አለዚያ ተታለልኩ ይላል፣ እንዳንተ» አልሽኝ። ስለዚህ መጽሐፉ መካከል ላይ ደብሪቱ ከማዕዱ የባሏን ድርሻ ማስቀመጥ ታቆማለች። አንባቢው ተስፋ ቆርጣ ነው ብሎ ያልፈዋል። እኔም አለፍኩት።

ሕመምሽ የታወቀው የመጨረሻዎቹን ምዕራፎች ስታርሚ ነው። አዲስ አበባ ሐኪሙ ጊዜሽ አጭር መሆኑን ከነገረን በኋላ እኔ ያለ የሌለ ጭንቀቴ መጽሐፉ ሆነ። አሳታሚው የድሮውን ረቂቅም ቢሆን አወጣዋለሁ ብሎ ስለነበር፣ እንዲያው እንዳለ ይታተምና እጅሽ ይግባ ብዬ ለመንኩሽ። ተቆጣሽ። «እኔ እንዳየው ብለህ ነው የምትቸኩለው። አንባቢው የእኔን መታመም አያነብም፤ የሚያነበው መጽሐፉን ነው።» እኔም ተቆጣሁ።

ዘመድ ሁሉ ደግሞ «ለልጅቷ አይነገራት፣ ፈተና አለባት» ይል ነበር። እኔም ከእነሱ ጋር ነበርኩ። አንቺ ማርታን ከትምህርት ቤት ስትመለስ አጠገብሽ አስቀምጠሽ፣ እጇን ይዘሽ፣ ሐኪሙ ያለውን ሁሉ ነገርሻት። አለቀሰች፣ ጠየቀችሽ፣ መለስሽላት። በኋላ እኔን «ልብ ማንጠልጠል ለመጽሐፍ ነው፤ ልጄን አላንጠለጥላትም» አልሽኝ። ማርታ እስከ ዛሬ ስለ አንቺ ስታወራ የምታነሣው ያንን ቀን ነው፤ እናቷ ስላላታለለቻት ቀና ብላ ነው የምታወራው።

የመጨረሻዎቹን ገጾች አንቺ እየነገርሽኝ እኔ ጻፍኩ። ከኑዛዜው ስንደርስ ዐይንሽን ጨፈንሽ፤ እንቅልፍ የወሰደሽ መሰለኝ። ከዚያ «ሁሉንም ሰርዘው» አልሽኝ። ዐሥሩንም ገጽ። ወልዴ ማዕድ ፊት ተቀምጦ «አንድ ነገር ልነግርሽ…» ብሎ ይጀምራል። ደብሪቱ «አውቃለሁ። ብላ» ትለዋለች። መጽሐፉ አለቀ። ብዕሬን ይዤ ሳለቅስ አይተሽ «አራት ነጥቡን አትርሳ» አልሽኝ፤ በስንት ጊዜሽ ፈገግ አልሽ።

መጽሐፉ ሳይወጣ አንቺ ሄድሽ። አሁን ሳስበው ልክ ነበርሽ። ስለቸኮልኩ በራሴ አልፈርድም፤ ባልሽ ነኝና። አንቺም አልቸኩልም ያልሽው ጸሐፊ ስለሆንሽ ነው።

ባለፈው ማርታን ልጠይቅ ወደ ደብረ ብርሃን ስሄድ አውቶቡሱ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠች ሴት መጽሐፍሽን ታነብ ነበር። አራተኛውን ምዕራፍ ስትጨርስ ዘግታው በመስኮት ወደ ውጭ አየች። ከዚያ ከፈተችውና መልሳ አነበበችው። ከዚያ በኋላ ቀና አላለችም። ሞላሌ ከተማን አልፈን ብዙ ከሄድን በኋላ ብድግ ብላ «ወራጅ! ወራጅ አለ!» ብላ ጮኸች። ረዳቱ «ሞላሌ እኮ አለፈ! የት ነበርሽ እስካሁን?» ብሎ ተቆጣት። ዘንቢሏን አንጠልጥላ፣ ጣቷን መጽሐፉ ውስጥ እንደከተተች ወርዳ በእግሯ ወደ ኋላ ተመለሰች። የደራሲዋ ባል እኔ ነኝ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እሷ ከወልዴ ጋር ነበረች፤ ላቋርጣት አልፈለግሁም።

ጥሩዬ፣ ሙት ዓመትሽን ስናስብ ከካህናቱ ጸሎት በኋላ አራተኛውን ምዕራፍ ለመጣው ሰው ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። በየዓመቱም አነባለሁ። ዐይኔ ሲደክም ማርታ ታነባለች፤ ቃል ገብታልኛለች። «እሱን እኔ አይቼዋለሁ» የሚለው ላይ ስደርስ ቆም ብዬ ቀና እላለሁ፤ አንቺ ብትኖሪ የምታዪውን ፊታቸውን አይልሻለሁ።

ያንቺው ባልሽ