በማሽላዬ ሥር ስለከረሙት ፋይሎችና ስለተከለከልኩት ማራዘሚያ

መርሳ፣ መጋቢት 6 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ካሳሁን
የባንካችን የመርሳ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ከአዲስ አበባ አስጭነው ያመጡት አዲሱ ወንበርዎም ጭምር ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ አልሐምዱሊላህ አለን፤ መኖራችንንም በላኩልኝ የሐራጅ ማስጠንቀቂያ ስላረጋገጡልን ከልብ አመሰግናለሁ።

ከረሱኝ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለ ሦስት ክፍል ቤት በባንክዎ ብድር የሠራሁት ሀስና ኡበይደላ ነኝ። በአንድ የፍራፍሬ ማከማቻ የሂሳብ ሠራተኛ ሆኜ አራት ዓመት አንድም ወር ሳላጓድል ከፍያለሁ። ማከማቻው በጦርነቱ ተዘርፎ ሲዘጋ ሥራዬም አብሮ ሄደ። ዛሬ ከውርጌሳ የማመጣውን ፓፓያ መንገድ ዳር እየሸጥኩ፣ በወር ከሚፈለግብኝ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ብር ውስጥ ሁለት ሺህ ሦስት መቶውን መክፈል እችላለሁ። ስለዚህ የቀረኝ ስድስት ዓመት ወደ አሥራ ሁለት ይራዘምልኝ ብዬ አመለከትኩ። ዕዳዬን አልካድኩም። የሰጡኝ መልስ ግን የሚከተለውን እንድጽፍ አስገድዶኛል።

አንደኛ፦ ማራዘሚያው እንዲፈቀድልኝ ከአሠሪዬ የሥራ ማረጋገጫ ደብዳቤ እንዳመጣ አዘውኛል። ሥራ አጣሁ ብላ ለመጣች ሴት ሥራ እንዳላት የሚገልጽ ወረቀት መጠየቅ ብዙ ትምህርት ይፈልጋልና አድናቆቴ ይድረስዎ። ደመወዝ ቢኖረኝማ ሙሉውን ከፍዬ በሰላምታ እንተላለፍ ነበር።

ሁለተኛ፦ ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ ላልከፈልኩት ቅጣት ጥለውብኛል። በእነዚያ ወራት የቅርንጫፍዎ በር ተገንጥሎ ነበር፤ እርስዎም ወደ ደሴ፣ ከደሴም ወደ አዲስ አበባ ሄደው ነበር። መሄድዎን አልነቅፍም፤ የቻለ ሁሉ ሄዷል። ብሩን ለማን ላስረክብ እንደነበር ግን ቢያስረዱኝ ደስ ይለኛል።

ሦስተኛው ላይ ትንሽ ረዘም እላለሁና ይታገሱኝ። እርስዎ በሄዱ ማግስት ዘበኛዎ ጋሽ ሞገስ ሁለት ጆንያ ሙሉ የብድር ፋይል በጋሪ ጭነው ደጄ መጡ። የሰው ሁሉ የቤት ካርታና ውል እዚህ ውስጥ ነው፣ ከጠፋ የመርሳ ሰው ዕድሜ ልኩን ሲካሰስ ይኖራል፣ በአደራ፣ በአማና ያዥልኝ አሉኝ። አማና ከተባልኩ በኋላ እምቢ ማለት አላውቅበትምና ጆንያዎቹን ጎተራዬ ውስጥ ከማሽላው ሥር ቀበርኳቸው። ታጣቂዎች ወሬው ደርሷቸው መጡ፤ በሬን ሰበሩ፣ ማሽላውን በብረት ወጋጉ፣ ግማሹንም ጭነው ሄዱ። ፋይሎችዎን ግን አላገኙም።

ኅዳር ላይ ከሰልም እንጨትም ጠፋ። ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች፣ ወረቀቱን አንድጂው፣ ያንቺም ዕዳ አብሮ ይነዳል ብለው መከሩኝ። አልዋሽዎትም፣ የራሴን ፋይል ፈልጌ አውጥቼ በእጄ ይዤዋለሁ። መልሼ ከተትኩትና የልጄን የዓቢዳን አልጋ ፈልጬ ቂጣ ጋገርኩበት። ልጄ እስከ ዛሬ መሬት ላይ ትተኛለች።

ጥር ላይ ሲመለሱ እርስዎ ራስዎ ሁለት መቶ አሥራ አራት ፋይል ቆጥረው ተረከቡኝ፤ ፈርመው ደረሰኝም ሰጡኝ። በወሩ የላኩት ገማች በሩ የተሰበረ ነው ብሎ ከቤቴ ዋጋ ቀነሰ። እርስዎም ማመልከቻዬን ውድቅ ያደረጉበት ደብዳቤ ላይ “የታማኝነት ጉድለት” የሚል ቃል ጻፉ። ክቡር ሆይ፣ ይህ ቃል አቃጥሎኛል። ቤቴን ለሐራጅ የሚያቀርቡበት ውል የት እንደከረመ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም።

ወልድያ ድረስ ሄጄ ለአለቃዎ አቤት ብል ወደ እርስዎ መለሱኝ። እንግዲህ ልመናዬን ጨርሻለሁ። ቤቱን አልለቅም። በየወሩ በአምስተኛው ቀን ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ብሬን ይዤ መስኮትዎ ላይ እቆማለሁ። ገንዘብ ያዥዎ አልቀበልም ካለ፣ አልቀበልም ብሎ ይፈርምልኝ፤ ወረቀት ማስቀመጥ እንደምችልበት አይጠራጠሩም።

ለወንበርዎ የሚገባውን አክብሮት ሁሉ ለወንበሩ እያቀረብኩ፣

ሀስና ኡበይደላ
የሁለት መቶ አሥራ አራት ፋይሎች የቀድሞ ጠባቂ፣ ያለ ደመወዝ

ግልባጭ፦
ለመናኸሪያው የማስታወቂያ ሰሌዳ
ለቀሩት ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ባለፋይሎች

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጦርነቱ፣ አላህ አይበለውና፣ ተመልሶ ቢመጣ ጋሽ ሞገስ ጆንያዎቹን ወዴት እንደሚወስዷቸው ከወዲሁ ይንገሯቸው። ቤቴን በሐራጅ የሚገዛው ሰው አማና ይቀበል እንደሆነም አስቀድመው ይጠይቁት። እግረ መንገድዎን፣ እንጨት ሲጠፋ ምን እንደሚያነድ ይጠይቁት።