የማትነሣው የሙቀት መርፌ

ሙሌ፣ የቤቴ ሰው፣

ከተለየኸን ዓመት አልፎ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ሙት ዓመትህን አወጣን፣ ጥቁሬን አወለቅኩ፣ ሱቁም እንደ ድሮው በጠዋት ይከፈታል። ይህን የምጽፍልህ ግን ከሱቁ ሳይሆን ከዲላ ሆስፒታል ግቢ፣ ማዋለጃው ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኜ ነው። ልጃችን ትዕግስት ውስጥ ናት። የደም ግፊቷ ከፍ ብሎ አልወርድ ብሏል፤ በመድኃኒቱ ካልወረደ ቀዶ ጥገና ነው ብለውኛል። ወንድሟ በረከት ምናልባት ካስፈለገ ብሎ ደም ሊሰጥ ሄዷል። እኔ እጄን የማደርግበት አጣሁና ከቦርሳዬ ወረቀት አወጣሁ። አንተ ብትኖር «አንቺ ሴትዮ፣ ሰው ገና ሳይታመም ለቅሶ ትደርሻለሽ» ብለህ ትስቅብኝ ነበር። ዛሬ የሚስቅብኝ የለም፤ ፍርሃቴን ብቻዬን ይዤ ተቀምጫለሁ።

ከመኪናዋ ልጀምርልህ፣ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከእሷ ነውና።

አሮጌዋን ፒክአፕህን አልሸጥኳትም። በረከት መንጃ ፈቃድ አውጥቶ ከሐዋሳ ዕቃ ያመጣባታል። እሱ መንገድ በወጣ ቁጥር እኔ ከሱቁ ደጅ አልጠፋም። መሪው ፊት፣ ክሩስኮቱ ላይ ያለችው የሞተር ሙቀት መርፌ፣ ታስታውሳለህ፣ ለዓመታት ከቀዝቃዛው ጫፍ ንቅንቅ ብላ አታውቅም። አጠገብህ ስቀመጥ እሷን እያየሁ ነበር ልቤን የማሳርፈው። አንተማ ኮፈኑን ዳስሰህ፣ ሽታውን አሽትተህ፣ ድምፁን ሰምተህ ሞተሩ ያለበትን ታውቀዋለህ፤ ልጁ ያን ከየት ያምጣው? የአንድ ጎረቤታችን መኪና ውሃ ጨርሶ ሞተሩ ከተቃጠለ ወዲህ ደግሞ እንቅልፍ የሚባል ነገር ራቀኝ። ትዕግስት የመጀመሪያ ልጇን እኔ ዘንድ መጥታ እንድትወልድ ቀን ስንቆርጥ ባሰብኝ። ባሏ ለሥራ ሞያሌ ነው፤ ከይርጋጨፌ የምናመጣት እኛው ነን። እርጉዝ ሴት ጭኖ ዳገት ላይ መቅረትን እያሰብኩ ስገላበጥ ሰነበትኩ።

በመጨረሻ መርፌዋ ትሥራ አትሥራ ሳላውቅ ልጄን አልጭንባትም ብዬ በራሶን፣ ያንን የድሮ መካኒክህን፣ ቤት ድረስ አስጠራሁት።

በራሶ በጠዋት፣ ሞተሩ ገና ሳይነሣ መጣ። ግሎ ሳለ ከተፈታ የፈላው ውሃ ፊት ላይ ይፈናጠራል አለ። የራዲያተሩን ውሃ ቀነሰና ሞተሩ ላይ ተቀብራ የኖረችውን፣ አውራ ጣት የምታህል፣ ሙቀቱን ለመርፌዋ የምትናገር ሴንሰር ፈታት። ጫፏ አረንጓዴ ዝገት ለብሷል። ከዚያ ማንቆርቆሪያ ስጪኝ ሲለኝ ሻይ አምሮት መስሎኝ ነበር። ለካ ውሃ አፍልቶ ሊነክራት ኖሯል። በኤሌክትሪክ መለኪያው ነካ እያደረጋት ቁጥሩን ተመለከተ፤ ውሃው በጋለ መጠን ቁጥሩ ይወርዳል። «አልሞተችም እኮ እትዬ፣ ትሠራለች» አለኝ ግራ ገብቶት። ቢሆንም አርጅታለች ብሎ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ያስላክናትን አዲሷን ገጠመ። በረከት ውሃ እንዳያፈስ ብሎ የምትጠመዘዝበትን ጥርሷን የቧንቧ ሠራተኞች በሚጠቀሙበት ነጭ ቴፕ ሊጠቀልለው ሲል ተቆጣው፤ ብረቱ ከብረት ካልተነካካ መርፌዋ ምንም አታይም አለው። ሞተሩ ተነሣ፣ ጋለም፤ መርፌዋ ግን እዚያው ተኝታለች።

በራሶ ሽቦዋን እየተከተለ ክሩስኮቱ ሥር ገባ። ብዙ ቆይቶ ወጣና «ይህቺ ሽቦ የተበላሸች አይደለችም፣ ሰው ነው የቆረጣት» አለኝ። አጎንብሼ አየሁ። ሁለቱም ጫፎች በጥቁር ፕላስተር ተሸፍነው፣ በላያቸው በጆንያ መስፊያ ክር ተጠምጥመዋል። ያን አጠማጠም ከአንተ በቀር ማንም አያውቀውም። የመነጽርህን እጀታም፣ የትዕግስትን የትምህርት ቤት ቦርሳም እንዲሁ ነበር የምታስረው።

ሳቅሁ፣ ሙሌ። ለምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ድሮ መርፌዋ ትንሽ ከፍ ባለች ቁጥር አቁም፣ ልንቃጠል ነው እያልኩ ክንድህን የምጎትተው እኔ ነበርኩ። አንድ ጊዜማ ኋላ የጫንካቸውን ሰዎች ሁሉ ዝናብ ላይ አስወርጄያቸዋለሁ። አንተም ከእኔ ጋር ከመጨቃጨቅ መርፌዋን አስተኝተህ ተገላገልክ። በራሶ ሽቦውን ሲቀጥለው ቀስ ብላ ተነሥታ መሃል ላይ ቆመች። ቀኑን ሙሉ ትዝ ባልከኝ ቁጥር እየሳቅሁ ዋልኩ።

ዛሬ ጠዋት ትዕግስትን ልናመጣ ተነሣን። ከዲላ ወጥተን ዳገቱ ሲጀምር መርፌዋም አብራን መውጣት ጀመረች። ዓይኔን ከእሷ ላይ አልነቀልኩም። ወናጎ ልንገባ ስንል ቀዩን ልትነካ ደረሰች። በረከት ያንተው ልጅ አይደል፣ ምንም አይል እማዬ፣ ይደርሳል ብሎ ሊነዳ ፈለገ። ክንዱን ጎተትኩት። መንገድ ዳር ቆመን ኮፈኑን ከፈትን፤ በረድ ሲል ክዳኑን በጨርቅ ይዞ ቢፈታው ውሃው ጎድሏል። ሴንሰሯ ስትቀየር የገባው አየር ሲወጣ ውሃው ዝቅ ብሎ ኖሯል። ሳንሞላው ብንሄድ ኖሮ መንገድ ላይ እንቀር ነበር።

እዚያ ቆመን ሳለ አንዲት ሙዝ የምትሸጥ ሴት መኪናችንን አውቃ መጣች። አባወራው የት ሄደ ብላ ጠየቀችኝ። ማረፍህን ስነግራት ራሷን ይዛ ቁጭ አለች። «እዚሁ ነበር የሚያቆመው» አለችኝ። «ሞተር ብቻ አይደለም የሚያርፈው፣ እሱም ያርፋል። ድንጋዩ ላይ ይቀመጣል፣ ደረቱን እንዲህ ይይዛል፣ ላቡ ይወርዳል። ሐኪም ቤት ሂድ ስለው፣ ሚስቴ ትደነግጣለች ይላል።»

እኔ ጨጓራ ነው ስላልከኝ ወተት ሳፈላልህ ነበር። የስኳር ጆንያ ስታወርድ በወደቅህ ቀን ለቅሶ የመጣው ሁሉ ድንገት ነው አለኝ፤ እኔም ድንገት ነው እያልኩ ተጽናናሁ። ለካ ድንገት አልነበረም። እዚያ መንገድ ዳር ሆኜ ተናደድኩብህ። መሞትህን ከእግዜር ቁጣ ቆጥሬ ችዬው ነበር፤ ይህን ግን አልቻልኩትም። የእኔ መደንገጥ ካንተ ነፍስ በልጦ ነው? ደንግጬ፣ ጮኼ፣ ሰፈሩን ቀውጬ ሐዋሳ በወሰድኩህ ምን ነበረበት?

ይርጋጨፌ ስንደርስ ትዕግስት ልብሷን አጣጥፋ ጠበቀችን። ቀደም ብላ እንድትመጣ ስለምናት የተማሪዎቼን ፈተና አርሜ ልጨርስ እያለች የቆየችው ነገር አለ። ፊቷ አብጧል፤ እግሯ ጫማ አልገባ ብሎት በነጠላ ጫማ ናት። «ደህና ነኝ እማዬ፣ ትንሽ ድካም ነው» አለችኝ። ሌላ ቀን ቢሆን ደስ ብሎኝ አምናት ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩና ሙዝ ሻጯ የነገረችኝን አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ሰምታኝ ስትጨርስ እንባዋ መጣ። ከትናንት ጀምሮ ራሷን እንደሚፈልጣት፣ ዓይኗ ላይ ብልጭ ብልጭ እንደሚልባት፣ እኔ እንዳልጨነቅ ብላ እንደዋጠችው ነገረችኝ። ቤት ሳንገባ በቀጥታ ወደዚህ አመጣናት። ሐኪሙ አንድ ሌሊት ብታድር አደጋ ነበር አለኝ።

አሁን ነርሷ ወጣች። የግፊቷን ቁጥር ሳትደብቅ እንድትነግረኝ ለምኛት ነበር፤ ነገረችኝ። አልወረደም። ለቀዶ ጥገናው ሊያዘጋጇት ነው። ፈርቻለሁ። ቢሆንም ማወቄን አልጠላሁትም። ፈርቼም መቆም እችላለሁ፣ ሙሌ፤ አንተ ይህን ሳታይ ሄድክ።

አልረሳህም። ግን ሰው ሁሉ እንደሚያወራልህ፣ ነገር የማይከብደው ሳቂታው ሙሉጌታ ብቻ አድርጌ አላስታውስህም። ደረትህን ይዘህ ብቻህን የተቀመጥከውንም አንተን አስታውሳለሁ። ያኔ አጠገብህ አልነበርኩም፤ ከእንግዲህ በሐሳቤ መጥቼ እቀመጣለሁ። ይህ ልጅ በሰላም ወጥቶ፣ አድጎ፣ አያቴ እንዴት ያለ ሰው ነበር ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ደግ ሰው ነበር፣ ያመውም ነበር እለዋለሁ።

እየጠሩኝ ነው። እጇን ልይዛት ልግባ።

ፈሪዋ ሚስትህ፣
አልማዝ