የማዳም ዚናይዳ መርዶ

ገዳሪፍ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

የኔ ዓለም ትሁት፣

እንዴት ከርመሽልኛል? የሞስኮ ብርድስ እንዴት ይዞሻል? ያንን የላክሁልሽን ጋቢ ከውስጥ ልበሺው፣ ካፖርቱን ከላይ፤ ማንም አያይብሽም። እኔ አለሁ። ሥራዬ ያው ሰሊጥ ማበጠር ነው። አዲሱ ሰሊጥ አባትሽ ለእርሻ ሥራ ከወረደበት ከፋሽጋ መግባት ጀምሯል፤ አቧራው ጉሮሮዬን ይዞኛል። ስለ አባትሽ ደጋግመሽ ጠይቀሻል፤ እደርስበታለሁ። መጀመሪያ የአስተማሪሽን ጉድ ልንገርሽ፣ ካልተነፈስሁ እፈነዳለሁ።

ማዳም ዚናይዳ ከካርቱም ጦርነት ሸሽታ ቤቴ ከገባች ዓመት አለፋት። አንቺ "እማ፣ አደራሽን" ስላልሽኝ እንጂ በሬን አልከፍትላትም ነበር። ካርቱም ቤቷን ሳጸዳ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ "ቀስ በይ፣ ልምምድ ላይ ነኝ" ስትለኝ የኖረች ሴት፣ ዛሬ በእኔው አንድ ክፍል ስኒዋን አታጥብም። እጇ ይበላሻላ! ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ፒያኖዋም እዚያው ቀርቷል፤ እጅ ግን ይጠበቃል። የሳጥን ክዳን ላይ የፒያኖውን ቁልፎች በከሰል ሥላ ጠዋት ጠዋት በጣቷ ስትደበድበው ታረፍዳለች። ድምፅ የለው፣ ምን የለው። ጎረቤቶቼ ፈረንጇን "ኸዋጂያዋ ምን ትፈጭልሻለች?" እያሉ ይስቁብኛል። ደግሞ ወጤ ዘይት በዝቶበታል ትላለች።

ወሬዋ ያው ወጣትነቷ ነው። የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነበረች፣ በአምስት ዓመቷ ጀመረች፣ ሞስኮ ተማረች፣ ተሸለመች፣ በትልልቅ አዳራሽ ተጫወተች፣ ሸክላ አስቀረጸች፤ ከዚያ እዚያ ሕክምና ይማር የነበረውን ዶክተር ኸድርን አግብታ ካርቱም መጣች። የተሰጣትን አበባ ቀለሙን ሳይቀር በቃሌ አውቀዋለሁ። አንቺን ፒያኖው ሥር ተቀምጠሽ አግኝታ፣ ጣትሽን በማስመሪያ እየመታች ስታስተምርሽ፣ ኋላም በአሥራ ሰባት ዓመትሽ ወደ አገሯ ስትልክብኝ፣ እኔ ጓዳ ነበርሁ። የጠየቀኝ የለም። ይህንን አልረሳሁላትም።

አሁን ወደ ጠባችን። በሐምሌ ናጂያ፣ የካርቱም ጎረቤታቸው፣ እዚህ ድረስ መጥታ ዶክተር ኸድር ቤቱን ሲጠብቅ እዚያው መሞቱን ለእኔ ነገረችኝ። በእነሱ ደንብ ሞት አያድርም፤ "ዛሬውኑ ንገሪያት" አለችኝ። እኔ እንዴት ብዬ? ዘመድ ሳይሰበሰብ፣ ደግፎ የሚይዛት ሰው ሳይኖር፣ ብቻዬን ቆሜ መርዶ ልንገር? ወንድሙ ሙዓዊያ ኸሽም ኤል ቂርባ ነው ያለው፤ እስኪመጣ ብዬ ያዝሁት። ዝናቡ መንገዱን ዘጋው። ሠላሳ ስድስት ቀን ሆነ። እሷ ያን ሁሉ ቀን፣ ባሏ ሲመጣ ለልደቱ የምታሰማውን ዜማ ክዳኑ ላይ ትለማመድ ነበር። እኔ ምሳዋን አስቀምጬ ቶሎ እወጣለሁ።

ሙዓዊያ ከልጁ ከሂያም ጋር መጥቶ በማለዳ ነገራት። አላለቀሰችም። ቀኑን ጠየቀችው፣ በጣቷ ቆጠረች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"ለሞተ ሰው ስለማመድ ቆመሽ አየሽኝ" አለችኝ።

በዚያው ቀን ክፍሉን በአቡጀዲ ለሁለት ከፈለችው። ከነሐሴ እስከ ትናንት አላናገረችኝም። የሠራሁትን አትቀምስም፣ ከሱቅ ፉል ታስመጣለች። እኔም ውኃዋን መቅዳት ተውሁ። አንድ ቀንማ ሻንጣዋን አውጥቼ በር ላይ አስቀመጥሁት፤ መልሳ አስገባችው። ቤቴ እኮ ነው፣ ትሁት።

ባለፈው ሳምንት ከፋሽጋ እርሻ ሰዎች መጥተውብኝ ነበር። በመካከላችን ያለው ግድግዳ ሳይሆን ጨርቅ ነውና ሁሉንም ሰምታለች። ትናንት መጋረጃውን ገልጣ ወጣች።

"ለልጅቷ መቼ ትነግሪያታለሽ?"

"የልጄ ኮንሰርት ይለፍ፣ አሥራ ሁለት ቀን ነው የቀረው፣ አንቺን አያገባሽም" አልኋት። ያን ጊዜ በዚያ ሁሉ ዓመት ነግራኝ የማታውቀውን ነገረችኝ። እናቷ የሞተች ዕለት አንድ ሹም ቴሌግራሙን ኪሱ ውስጥ ይዞ፣ ተጫውታ እስክትጨርስ ጠብቆ ነበር የሰጣት። ሦስት ጊዜ እጅ ነስታ፣ አበባ በተቀበለች ቁጥር ስቃለች።

"አርባ አምስት ዓመት ያንን ሳቄን ስጠላው ኖርሁ። እሷንም እንደዚያ ልታስቂያት ነው? ካልጻፍሽ ነገ እኔ እደውላለሁ፤ በሁለት ቃል እነግራታለሁ።"

"ከቤቴ ውጪ" አልኋት።

"እወጣለሁ። አንቺ ግን ለእሷ የሳሳሽ አይምሰልሽ። የሳሳሽው ለራስሽ ነው።"

ይቅር አልላትም። በሁለት ቃል፣ በስልክ፣ ምናልባት መንገድ ላይ ቆመሽ እንድትሰሚውም አልፈቅድላትም። ስለዚህ ቀኑን በእሷ፣ አነጋገሩን በእኔ ደንብ አደረግሁት። ይህን ወረቀት እዚሁ የቀረችው ሂያም በስልኳ አንስታ ለወይዘሮ ወለተ ማርያም ትልክላታለች። ሞስኮ ላላችሁት ልጆች ሁሉ እናት አይደለች? በወረቀት አውጥታ፣ በማለዳ፣ ሰው ይዛ ታምጣልሽ ብያለሁ።

ማዳም ከአቡጀዲው ወዲያ ሻንጣዋን እያሰረች ነው። ወደ ፖርት ሱዳን በሚሄደው ሎሪ እሄዳለሁ ትላለች፤ ትሂድ። የጻፍሁትን እንድነግራት በጆሮዋ ትጠብቃለች፤ አልነግራትም።

መድረክ መውጣት አለመውጣቱ የራስሽ ነው፣ እኔም እሷም አናዝሽም። ከወጣሽም ሳትስቂ ውረጂ፤ የሚቀየምሽ የለም። እመብርሃን እጅሽን ትያዝልኝ። ጭንቅላትሽን የምታሳርፊበት ትከሻ በሰው አገር አታሳጣሽ።

አሁን ቀና በይ። ወለተ ማርያምና አብረዋት የመጡት ገና አልሄዱም አይደል? ነጠላቸውን እንዴት እንደለበሱት አይተሻል። አትሸኚያቸው፣ ሻይም ልጣድ አትበዪ። መካከላቸው ተቀመጪ። የአባትሽን እነሱ ይዘውሽ ይነግሩሻል።

እናትሽ ዕፀገነት