ገና ላልነጋ ቀን የተፈረመ መዝገብ

በሀብሩ ወረዳ፣ ስሙን ለክብሩ ስል ለማልጠራው ጤና ጣቢያ፣ ለተከበሩ ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሞ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ወንበርዎም እንደምን ሰነበታችሁ? አላህ ጤናዎን ይጠብቅልዎ፤ በራስዎ ላቦራቶሪ ከመመርመርም ይሰውርዎ። እኔ መርሳ ገበያ ማሽላና ጤፍ የምመዝነው አቡበከር ነኝ፣ የከድጃ ባል። ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ በቁጥር አቀርበዋለሁ።

1. ባለቤቴ ከድጃ በዘጠነኛ ወሯ፣ ጥር 6 ቀን፣ ፊቷ ገርጥቶ፣ ከበር እስከ ካርድ ክፍል ሦስት ጊዜ ዐርፋ ስትመጣ፣ የደም መለኪያ መሣሪያዎ የደሟ መጠን አሥራ ሁለት ነው፣ ምንም አልጎደላትም ብሎ ስላበሠረን አመሰግናለሁ። ደስ ብሎን በባጃጅ ተመለስን። ጥር 14 ቀን ምጥ ይዟት ወልድያ ስናደርሳት ግን ደሟ አምስት ሆኖ ተገኘ። ሴት ልጅ ወለደች፤ ሲፈሳት የሚተርፍ ደም አልነበራትም። በማግስቱ ከድጃን ቀበርናት።

2. ጥር 20 ቀን ስለ መሣሪያው ልጠይቅ ቢሮዎ ስመጣ፣ ሳይቆጡ መዝገቡን በገዛ እጅዎ ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ። መጠኑ አስቀድሞ የታወቀ ናሙና በየማለዳው በመሣሪያው ተለክቶ ትክክል ካልመጣ ሰው እንደማይመረመር ያስረዱኝም እርስዎ ነዎት። ነገሩ አልከበደኝም፤ እኔም እህል ከመመዘኔ በፊት የአንድ ኪሎውን ብረት ሚዛኔ ላይ አስቀምጣለሁ፤ ብረሳ ደንበኞቼ ራሳቸው ያስቀምጡታል። በመዝገብዎ ጥር 6 «ትክክል» ይላል። መብራት ጠፍቶ የዋለበት ጥር 9ም ትክክል ነው። ጣቴን እያወረድኩ ብሄድ ጥር 30ም ተፈርሞበታል። እኛ ገና 20 ላይ ነበርን።

3. ናሙናው ካለቀ ሦስት ወር እንደሆነው፣ መዝገቡም ተቆጣጣሪ ሲመጣ ባዶ እንዳይታይ ወር በገባ ቁጥር በአንድ ጊዜ እንደሚሞላ ሳይደብቁ ስለነገሩኝ ከሁሉ በላይ አመሰግናለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔም ጥር 6 የሰጡንን የውጤት ወረቀት ይዤ ቤቴ ተቀምጬ ነበር። ክቡርነትዎ፣ አንጀቴ አርሯል። «መሣሪያው አልተፈተሸም» ብለው አንድ መስመር ቢጽፉልን ኖሮ ያኔውኑ ወልድያ እወስዳት ነበር፤ ሚኒባሱ ከበራችሁ ላይ ቆሞ ነበር። አሁንም የምለምንዎ ይህችኑ አንዲት መስመር ነው፤ ናሙናው እስኪመጣ ለሚመጡት ነፍሰ ጡሮች ይጻፉላቸው።

ለፊርማዎ ጽናት፣ ለብዕርዎም ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሳው፣

አቡበከር ሙጃሂድ፣ እህል ነጋዴ፣ መርሳ

ማሳሰቢያ፦ ጥር 15 ቀን ከማለዳው ጀምሮ ላቦራቶሪውን ቆልፈው፣ ባለሙያዎችዎን ሁሉ አስከትለው ለከድጃ ቀብር ስለመጡና አፈር ስላለበሱልኝ ውለታዎን አልረሳም። በመዝገብዎ ላይ ግን በዚያችም ማለዳ መሣሪያው ተፈትሾ ትክክል ሆኖ ተገኝቷል ይላል፤ ፊርማውም የእርስዎ ነው።