እትዬ ውድነሽ እሺ አላሉም

ይድረስ ለአባባ፣

ረቡዕ ጠዋት እትዬ ውድነሽ የታች ከንፈራቸውን በጣታቸው እየነካኩ፣ «ልጄ፣ ይሄ ከንፈር የኔ አይመስለኝም፤ ሻይ ሲፈስብኝ እንኳ አላውቅም» አሉኝ። የማደንዘዣው ጊዜ ካለፈ ሁለት ቀን ሆኖታል። ነገሩ እንደተበላሸ ያን ጊዜ አወቅሁ።

ሰላምታዬን ሳላስቀድም መጀመሬን ይቅር ይበሉኝ። እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? የዓይን ጠብታውን በሰዓቱ ያደርጋሉ? እማዬስ ግፊቷን ትለካለች? እኔ አካሌ ደህና ነው፤ ሆዴ ግን አሯል።

አገር ቤት የጥርስ ሐኪም የነበርኩት ልጅዎ እዚህ ፈተናዬን እስክጨርስ የክሊኒክ ረዳት እንደሆንኩ ያውቃሉ። እትዬ ውድነሽ በወለቀው የታች መንጋጋ ጥርሳቸው ቦታ ብሎን አጥንታቸው ውስጥ ተተክሎ አዲስ ጥርስ ሊገጠምላቸው መጡ። አጥንቱን ከየአቅጣጫው በኮምፒውተር የሚያሳየውን ራጅ ያነሳኋቸው እኔ ነኝ። ለካሁት። ከአጥንቱ አናት ለከንፈር ስሜት እስከሚሰጠው ነርቭ አሥር ሚሊሜትር ነው፤ ዶክተሩ የመረጠው ብሎንም አሥር። «ከነርቩ ሁለት ሚሊ መራቅ አለብን፤ ስምንቱን እናድርግ» አልኩት። ስክሪኑን ዞር ብሎ ሳያይ፣ «ኤልዳና፣ አንቺ ሳክሽኑን ያዢ» አለኝ። ምራቅ የሚመጠው ቱቦ ነው አባባ። ያዝኩለት። የሚያንገበግበኝ ይኸው መያዜ ነው።

ከዚያ በፊት ሊደርስ ስለሚችለው አደጋ ሲነግራቸው እኔን ሌላ ክፍል አዘጋጂ ብሎ ልኮኝ ነበር። ኋላ ራሳቸው እንደነገሩኝ፣ በእንግሊዝኛ ሲያንበለብለው እትዬ ውድነሽ እንደኛ ሰው አየር ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉ። እርስዎም በስልክ እንዲህ ሲያደርጉ መስመሩ የተቋረጠ እየመሰለኝ ስንቴ «ሃሎ! ሃሎ!» ብያለሁ። እሳቸው «እየሰማሁህ ነው» ማለታቸው እንጂ ገብቷቸው አይደለም። እሱ ግን «ተነግሯቸው ተስማምተዋል» ብሎ ጻፈ። ያ ትንፋሽ በኛ አገር «አዎ» ማለት ነው ብዬ እየሳቅሁ ያስተማርኩት ራሴ ነኝ!

አርብ ዕለት አደጋውን በአማርኛ አስረድቻቸዋለሁ የሚል ወረቀት አቀረበልኝ። ካልፈረምኩ ለሙያ ፈቃዴ የሚያስፈልገኝን የሥራ ምስክርነት አይጽፍልኝም። ትናንት ደግሞ ልጃቸው ማክዳ ቸርች በር ላይ፣ «የኛው ልጅ አጠገቧ ቆማ!» ብላ ፊቷን አዞረችብኝ። ከባቡር ጣቢያው እስከ ቤት በረዶውን እየረገጥኩ አለቀስኩ። ራጁን ከነልኬቱ ከክሊኒኩ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው፣ እኔም ያየሁትን እንደምመሰክር ዛሬ ጽፌላታለሁ። እስካሁን አልመለሰችልኝም።

እማዬን አገላብጠው ይሳሙልኝ፤ ይህን ሁሉ ግን አይንገሯት። ወንድሜ ኖኅ ከትምህርቱ እንዳይዘናጋ። ጎረቤታችንን እትዬ ይርጋለምን ስለ ጸሎታቸው ያመስግኑልኝ።

አባባ፣ ከእንግዲህ ያየሁትን አይቼ «ያዢ» ስባል አልይዝም። ያላልኩትንም ብያለሁ ብዬ አልፈርምም፤ ምስክርነቱ ይቅርብኝ።

ልጅዎ ኤልዳና
ማርልቦሮ፣ ካልጋሪ
ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.